እኛንስ ማን ይግዛን?

ቤቱን ለእንግዳ የሚዘጋ ሰው ቢያጋጥመን ጠባዩን እንታዘብ ይሆናል እንጂ መብቱን አንከራከረውም። ቤቱ ነዋ! ቤተሰቡ እንዳይወጣ በሩን ከውጭ የሚቆልፈውን ግን ምን እንበለው? አባወራ እንዳንለው ሥራው የዘበኛ ነው፤ ዘበኛ እንዳንለው ደግሞ "እኔ እኮ አባታችሁ ነኝ" ይለናል። መንግሥት ዜጋውን "ከአገር አትወጣም" ሲል የሚነሳው ጥያቄ ይኸው ነው። ሰው ከተወለደበት አገር ልሂድ ቢል፣ አትሄድም የማለት ሥልጣን የማን ነው? የተከለከለውንስ ለማስለቀቅ ከውጭ የመጣ ሰው ቢያስፈራራ፣ ቢለምን፣ ከዚያም አልፎ ቢከፍል ትክክል ነው?

ይህን ጥያቄ ከሩቅ አገር መጽሐፍ መፈለግ አያስፈልገንም። በደርግ ዘመን በጎንደር ቤተ እስራኤሎች ላይ የደረሰው ጉዳይ ከነሙሉ ክብደቱ ይዞልን ይገኛል።

ከስማቸው ልጀምር። አገሩ "ፈላሻ" ሲላቸው ኖሯል። ቃሉ ከግእዙ "ፈለሰ" ጋር የሚሄድ ነው፤ ስደተኛ፣ መጻተኛ፣ ከቦታው የተነቀለ እንደ ማለት። እነሱ ስሙን አይወዱትም፤ ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ይላሉ። ማረሻውን የሚቀጠቅጡት፣ ሸማውን የሚሠሩት፣ ገንቦውን የሚጠፈጥፉት እነሱ ሆነው ሳለ ርስት አልነበራቸውም፤ የሰው መሬት ነበር የሚያርሱት። ቀን ማረሻውን አሠርቶ የሄደው ባላገር ማታ ልጁ ሲታመም "ቡዳ በላው" ብሎ ጣቱን ወደ እነሱ ይቀስር ነበር። እንግዲህ ልብ በሉ። አንድን ሕዝብ ለብዙ መቶ ዓመታት "አንተ ከዚህ አይደለህም" ሲሉት ኖረው፣ በመጨረሻ እሱም አምኖ "እንግዲያው ልሂድ" ሲል "ከዳተኛ!" ይሉታል። ፈላሽ ብለው ጠርተው መፍለስን ከለከሉት።

ደርግን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ሚዛን እንጠብቅ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለቤተ እስራኤሉ ገበሬም እንደ ጎረቤቱ የሚያርሰው መሬት እንዲያገኝ በሕግ በር ከፈተ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ያው መንግሥት ግን መሬቱን ሰጥቶ መንገዱን ከለከለ። ከአውራጃ ወደ አውራጃ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት፣ ከአገር ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበር፤ ሁለተኛው ለተራ ሰው የማይታሰብ ነው። በድንበር ሲያመልጥ የተያዘ እስርና ድብደባ ይጠብቀዋል። መሬት የተሰጠው ሰው መሬቱን ትቶ መሄድ ካልቻለ መሬቱ ለእሱ ተሰጠ ወይስ እሱ ለመሬቱ?

ደርግም የራሱ መከራከሪያ ነበረው፤ ሰምተን እንለፍ። አንደኛ፣ "ሁሉም ኢትዮጵያዊ እኩል ነው፤ አንዱን ወገን ለይቼ ብለቅ ሌላው ምን ይለኛል?" ሁለተኛ፣ "አገር በጦርነት ላይ ናት፤ የሰው ኃይል ያስፈልገኛል።" ሦስተኛ፣ "ይህ የውስጥ ጉዳያችን ነው፤ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ።" ሦስቱም ሲሰሟቸው ጆሮ አይጠሉም። ግን የመጀመሪያው እኩልነት በእስር እኩል መሆን ነው። ሁሉም ስለታሰረ ማንም አልተበደለም ይባላል እንዴ? ሁለተኛው ሰውን የሚቆጥረው እንደ ጥይት ነው። ሦስተኛውን ደግሞ ራሷ ኢትዮጵያ አስቀድማ አፍርሳዋለች። ታኅሣሥ 1 ቀን 1941 ዓ.ም የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሰብአዊ መብቶች ሁለንተናዊ መግለጫን ሲያጸድቅ ኢትዮጵያ ደግፋ ድምፅ ሰጥታለች። የመግለጫው 13ኛ አንቀጽ ማንም ሰው የራሱንም ጭምር ከየትኛውም አገር የመውጣትና ወደ አገሩ የመመለስ መብት እንዳለው ይናገራል። ድምፅ የሰጡት ንጉሡ ናቸው እንጂ ደርግ አይደለም ቢባል፣ ቃል የሚገባው አገር ነው እንጂ ዙፋን አይደለም።

ደግሞስ ይህ ሐሳብ ከኒውዮርክ የመጣ ነው ያለው ማን ነው? ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወርደው መንገድ አዲስ ዘመን ስትደርሱ ከከተማዋ በላይ በደን የተሸፈነ ተራራ ታያላችሁ፤ ጣራ ገዳም ነው። ከዚያ ርብን ተሻግሮ ወረታ፣ ከወረታ ወዲህ ወዲያ ዓይን እስኪደክም የፎገራ ሜዳ። ያን ደን ባየሁ ቁጥር የማስበው አንድ ነገር ነው። ወደ ገዳም የሚገባው መናኝ ቤቱን፣ ርስቱን፣ ዘመዱን ትቶ ይሄዳል፤ አገሩም "ከዳን" አይለውም፤ ደጁ ድረስ ሄዶ ይሳለመዋል እንጂ። የእመቤታችንን ስደት በየዓመቱ በጽጌ ጾም የሚያስብ ሕዝብ ነው ያለን። ሄሮድስን የሸሸችውን እናት የሚያከብር፣ ድንበር ላይ ቆሞ የሚመልሳትን ወታደር የሚያወድስበት ሃይማኖት የለውም። ቤተ እስራኤሎችም መነኮሳት ነበሯቸው። አባ ማህሪ የሚባሉ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ1862 ወደ ኢየሩሳሌም እናቅና ብለው ሕዝብ አስከትለው ተነስተዋል፤ ትግራይ ላይ ሲደርሱ ረሃብና በሽታ ብዙውን ሰው ጨረሰው። በየዓመቱ በስግድ ተራራ ወጥተው ፊታቸውን ወደ ኢየሩሳሌም የሚያዞሩ ሰዎች ልባቸው ወዴት እንደሆነ ለማንም ደብቀው አያውቁም። መሄድ ክህደት ነው የሚለው እንግዲህ አዲስ እምነት ነበር፤ የአባቶች አልነበረም።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንግባ፤ ወደ ዋጋው።

እስራኤል ቤተ እስራኤሎችን ለመቀበል ራሷም ጊዜ ወስዳለች። ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድ ናቸው ብለው የወሰኑት እ.ኤ.አ. በ1973፣ መንግሥት ደግሞ በመመለስ መብት ሕግ ያካተታቸው በ1975 ነው። በመካከሉ ኢትዮጵያ ከእስራኤል ጋር የነበራትን ግንኙነት አቋርጣ ነበር። ቀጥሎ የመጣው የመጀመሪያው ስምምነት የጦር መሣሪያ ነበር። ከሶማሊያ ጋር ጦርነት በነበረበት ሰሞን እስራኤል መሣሪያ ላከች፤ አውሮፕላኖቹ ሲመለሱ ወደ 120 የሚሆኑ ቤተ እስራኤሎችን ይዘው ሄዱ። በየካቲት ወር 1978 እ.ኤ.አ. ሞሼ ዳያን ስለ መሣሪያው በአደባባይ ሲናገሩ ነገሩ ተበላሸ፤ በሩም ተዘጋ።

ከዚያ ሱዳን። ሌሊት ሌሊት በእግር፣ ከሽፍታና ከወታደር እየተደበቁ፣ ከደከመ ሽማግሌና ከሚጠባ ሕፃን ጋር። ኡም ራኩባን በመሰሉ መጠለያዎች ማንነታቸውን ደብቀው ተቀመጡ። በመንገድና በመጠለያ ያለቁት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይገመታል። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም በሙሴ ዘመቻ ከ6,000 በላይ ሰዎች ከካርቱም በብራስልስ በኩል ተወሰዱ። ወሬው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ሱዳን አቋረጠችው። ቀሪዎቹን ወደ 500 የሚጠጉ ሰዎች፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ካርቱምን ከጎበኙ በኋላ፣ የአሜሪካ አየር ኃይል አወጣቸው።

እዚህ ላይ አንድ የሥነ ምግባር እንቆቅልሽ አለ። ሁለት ጊዜ አፍ ተከፈተ፤ ሁለት ጊዜ በር ተዘጋ። ታዲያ ዝምታ ይሻላል ማለት ነው? በሶቪየት አይሁዶችም ይኸው ክርክር ነበር። የአሜሪካ ኮንግረስ ጃክሰን ቫኒክ የተባለውን ማሻሻያ አውጥቶ፣ ዜጎቹን እንዳይወጡ የሚከለክል የኮሚኒስት አገር የንግድ ጥቅም እንዳያገኝ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1973 ከ30 ሺህ በላይ አይሁዶች ከሶቪየት ኅብረት ወጥተው ነበር፤ ሕጉ በጸደቀበት በ1975 ወደ 13 ሺህ ወረዱ። የዝምታ ዲፕሎማሲ ወዳጆች "አላልናችሁም?" አሉ። በ1979 ደግሞ ቁጥሩ ከ50 ሺህ በላይ ሲሆን የጩኸት ወዳጆች "አያችሁ!" አሉ። ከዚህ ውጣ ውረድ ሕግ ማውጣት ያስቸግራል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ መጮኽ ወይም ዝም ማለት መለካት ያለበት በጯሂው ክብር ሳይሆን በታሰረው ሰው ጥቅም ነው። ዝም ያለው ሰው "ለእነሱ ብዬ ነው" ካለ፣ በዝምታው ጊዜ ኡም ራኩባ ውስጥ ስንት መቃብር ተቆፈረ ብለን የመጠየቅ መብት አለን። የጮኸውም "ለእነሱ ብዬ ነው" ካለ፣ በማግስቱ በሩ በማን ላይ ተዘጋ እንለዋለን።

የመጨረሻው ድርድር አዲስ አበባ ላይ ነበር። በ1982 ዓ.ም ግንኙነቱ እንደገና ተጀመረ። ሺዎች ከጎንደር ገጠር ተነስተው በአዲስ ዘመንና በወረታ በሚያልፈው በዚያው መንገድ ወደ ዋና ከተማው ወረዱና የእስራኤል ኤምባሲ አካባቢ በኪራይ ቤት ተቀመጡ። የይሁንታው ዋጋ ሲወጣ ሲወርድ ሰነበተ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም መሣሪያ ይፈልጉ ነበር፤ አሜሪካኖች መሣሪያ አይሰጥም አሉ። ፕሬዚዳንት ቡሽ የቀድሞውን ሴናተር ሩዲ ቦሽዊትዝን መልዕክተኛ አድርገው ላኩ። በየካቲት 1983 ጎንደርና ጎጃም ከደርግ እጅ ወጡ። በእስራኤል በኩል ኡሪ ሉብራኒ፣ በኢትዮጵያ በኩል ካሳ ከበደ ተደራደሩ። ዋጋው 35 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም ከአገር ወጡ፤ የመውጫ ቪዛ የጠየቃቸው አልነበረም። ግንቦት 16 እና 17፣ በ36 ሰዓት ውስጥ፣ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ተወሰዱ። መቀመጫዎቹ በወለቁለት በአንድ ጃምቦ አውሮፕላን ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ተሳፈረ። ከሦስት ቀን በኋላ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ።

35 ሚሊዮኑን ለ14,325 ሰው ብናካፍለው ለአንድ ነፍስ 2,400 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ሽማግሌውም ሕፃኑም እኩል።

ወረታ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ይህንኑ ሒሳብ ሳወራ አንድ አዛውንት ከጎን ሆነው ሲያዳምጡ ቆዩ። ፎገራ የከብት አገር ነው፤ ሰውዬውም ወይፈን ሸጠው መምጣታቸው ነበር።

"ልጄ፣ እነሱስ ገዢ አገኙ" አሉኝ።

"ሰው ይገዛል እንዴ፣ አባባ?"

"ሰውማ አይገዛም። ግን በሩን የሚከፍትላቸው ዘመድ ነበራቸው። እኔ ሁለት ልጆቼን ውትድርና ወሰደብኝ፤ አንዱ እንኳ አልተመለሰ። ያኔ ልጆቼን ይዤ ልውጣ ብል ማን ሊከፍልልኝ ነው? እኛንስ ማን ይግዛን?"

ይህን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ከራሴ ላወጣው አልቻልኩም። አማርኛ እዚህ ላይ ምሥጢረኛ ነው። "ገዛ" ማለት ሸመተ ነው፤ "ገዛ" ማለት ደግሞ ነገሠ፣ አስተዳደረ ነው። በሁለቱ ትርጉሞች መካከል ድንበር ያለ ይመስለናል። አንድ መንግሥት ሰውን እንዳይወጣ ከልክሎ፣ ከዚያ በዋጋ ሲለቀው ግን ድንበሩ ይጠፋል። መሸጥ የሚችለው ያለው ሰው ብቻ ነው። የዜጋውን መውጫ የሸጠ መንግሥት ዜጋውን እንደ ንብረቱ ሲቆጥረው እንደኖረ በገዛ እጁ ፈርሟል። ይህ ደግሞ ለተሸጡት ብቻ አይደለም፤ ገዢ ስላልመጣላቸው ብቻ ሳይሸጡ ለቀሩትም ነው። የሮማኒያው ቻውሼስኩም አይሁድ ዜጎቹን በነፍስ ወከፍ ዋጋ ተምኖ ሲለቅ ኖሯል፤ ያልተተመነው ሮማኒያዊ ከተተመነው የበለጠ ነፃ ነበር የሚል ሰው አልሰማሁም።

ታዲያ ከፋዩስ? ከፋዩን ለመውቀስ እጄ አይነሳም። ልጁን ሽፍታ የያዘበት አባት ቢከፍል ሽፍታውን አበረታ ብለን አባቱን አንከስም። ዘመድ ከዘመዱ ነው። 14 ሺህ ነፍስ ተኩስ ከተማው ደጃፍ በደረሰበት ሰዓት ማውጣት ከዶላር ጋር የሚመዘን አይደለም። ግን ከፋይም ወሰን አለው፤ ወሰኑም ዋጋው ከማን ኪስ ይወጣል የሚለው ነው። በገንዘብ ሲከፈል የከፈለው ከፋዩ ነው። በመሣሪያ ሲከፈል ግን እውነተኛው ከፋይ ጥይቱ የሚያርፍበት፣ በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ስሙ ያልተነሳ ሰው ነው። 120 ሰው ለማስወጣት የተላከው መሣሪያ የትኛው ሜዳ ላይ፣ በማን ደረት ላይ እንደጮኸ ማን ቆጠረ? የራስን ወገን በሌላው ደም ማስፈታት፣ ችግሩን ብረዳውም፣ ትክክል ነው ልል አልችልም። በ1983ቱ ድርድር መሣሪያ አይሰጥም ያሉት ሰዎች በዚህ ነጥብ የሚመሰገኑ ናቸው።

አዛውንቱ ግን የጠየቁት ሌላ ነው። የእሳቸው ጥያቄ ስለ ከፋይ ሳይሆን ስለ መብት ነው። ውጭ አገር ጠበቃ ያለው ብቻ የሚያገኘው ነገር መብት አይባልም፤ ዕድል ነው። በዚያን ዘመን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ኢትዮጵያዊ ሱዳን ተሰዷል፤ ለሁሉም መልዕክተኛ ሴናተር አልመጣም። ይህን ስንል አንዳንዱ ሰው በቅናት "ለምን እነሱ ብቻ?" ይላል። ጥያቄው ወዲያ መዞር የለበትም። አንድ ሰው ከሚሰጥም ጀልባ ሲወጣ የሚጠየቀው የወጣው ሰው ሳይሆን ጀልባውን የሸነቆረው ነው። ቤተ እስራኤሎቹ መውጣታቸው ከፎገራ ገበሬ ላይ የወሰደው ነገር የለም። እንዲያውም የተደበቀውን አሳየለት፤ በሩ ተፈጥሮ ሳይሆን ሰው የቆለፈው መሆኑን፣ ቁልፉም ያለበትን ኪስ።

በእርግጥ መውጫ ብቻውን ሙሉ ነፃነት አይደለም። የመውጣት መብት በሕግ ተጽፏል፤ የመግባት መብት ግን የተቀባዩ አገር ፈቃድ ነው። በሰሎሞን ዘመቻ ጊዜ ቀድሞ ክርስትና የተቀበሉ ቤተሰቦች አባል ናችሁ ተብለው የቀሩ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ተወስደዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 ብቻ ወደ 2,000 ሰው ሄዷል። ግን እናት እዚያ፣ ልጅ ጎንደር ሆነው ዓመታት የቆጠሩ ቤተሰቦች አሉ። ትናንት "አትወጡም" የሚል መንግሥት የለያቸውን ዛሬ "አትገቡም" የሚል ወረቀት ይለያቸዋል። ትናንት ለመውጣት የጮኸው ዲፕሎማሲ ለመግባት ሲሆን ድምፁ ከቀነሰ፣ ጩኸቱ ለመብት ነበር ወይስ ለሌላ ብለን መጠየቃችን አይቀርም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 32 ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው፣ የመመለስም መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጥሩ ተጽፏል። የተጻፈ ነገር ግን ሌሊት በደላላ እጅ ወደ መተማ የሚጓዘውን ወጣት አያስቆመውም፤ ኡም ራኩባንም ባዶ አላስቀረም። በ2013 ዓ.ም ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ሰዎች የተጠለሉት እዚያው ስፍራ ነው። ሰው በሁለት መንገድ ይታሰራል፤ እንዳይሄድ በመከልከል፣ እንዳይኖር በማድረግ። የመጀመሪያውን ቁልፍ ፈትቶ ሁለተኛውን ያጠበቀ መንግሥት ነፃ አወጣሁ ሊል አይገባውም።

ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ በሱዳን መንገድ ላለቁት ቤተ እስራኤሎች መታሰቢያ ቆሟል። የሞቱት ግን እዚያ ከመድረሳቸው በፊት የኛ ሰዎች ነበሩ፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ መታሰቢያ አላየሁም። ድንጋዩ ቢቀር እንኳ ለአዛውንቱ ጥያቄ መልስ አለብን። መልሱ "እናንተንም የሚገዛ ይመጣል" አይደለም፤ የሚገዛ የማያስፈልግበት አገር ነው። ልሂድ ያለው ያለ ጉቦና ያለ ሴናተር የሚሄድበት፣ ልቅር ያለውም "ከዚህ አይደለህም" ሳይባል የሚቀርበት አገር። ብዙ ቤተ እስራኤል የሄደው ኢየሩሳሌምን ስለወደደ ነው፤ ይህን አልጠራጠርም። ግን ርስቱን፣ ስሙንና ክብሩን ሳንነፍገው ቢሆን ኖሮ መሄዱ ምርጫ ብቻ በሆነ ነበር፤ ማምለጥ ባልተባለ።